ስለ ዘይቤ አመዳደብ አንዳንድ ነጥቦች፤ ከልብ ወለድ አርእስቶች በመነሣት

ከዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ባወጣሁት ፈተና ውስጥ ቀላል የመሰለኝን አንድ ጥያቄ አስገብቼ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር የሚለው አርእስት በየትኛው የዘይቤ ዓይነት የተገነባ ነው?» የሚል ነው። በማረሚያዬ ላይ የሰፈረው መልስ «ግነት» ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች ይህንኑ ጻፉ፤ ጥቂቶች «ተለዋጭ» አሉ፤ አንደኛው ግን «አርእስቱ ዘይቤ የለበትም፤ በመጽሐፉ ውስጥ መቃብሩ መቃብር ነው» የሚል መልስ ሰጠ። ዜሮ ሰጠሁት።

ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። የተጋነነው የቱ ላይ እንደሆነ ቢያሳዩኝ» አለኝ። «አንተ የተጠየቅኸው ስለ አርእስቱ እንጂ ስለ መጽሐፉ አይደለም» ስል መለስሁለት። እጅ ነሥቶ ወጣ። ውጤቱም እንደ ተመዘገበ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ያኔ የሰጠሁት መልስ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት የሚሞክር ነው። ስሕተቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን እዚህ ማንሣት ባላስፈለገ ነበር፤ ነገር ግን ዘይቤን የምናስተምርበት መንገድ ራሱ ወደዚህ ዓይነቱ መልስ የሚመራ ይመስለኛል።

መንገዱን የማያውቅ አንባቢ የለም። መምህሩ የዘይቤ ዓይነቶችን በሰሌዳ ላይ ይደረድራል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምፀት፣ ምትክ፣ አያዎ፣ እንቶኔ እያለ ይቀጥላል። ለያንዳንዱ ብያኔ ይሰጣል፤ ከብያኔው ሥር አንድ ወይም ሁለት ምሳሌ ያስቀምጣል። ተማሪው በደብተሩ ላይ ይገለብጣል፤ በፈተና ጊዜም አንድ ስንኝ ይሰጠውና ስሙን ይጽፋል። ስያሜዎቹ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያሉ፤ አንዱ ተነጻጻሪ ያለውን ሌላው አነጻጻሪ፣ አንዱ ግነት ያለውን ሌላው ኩሸት ይለዋል። ይህ እምብዛም አያሳስበኝም፤ ውሎ አድሮ የሚጠራ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ተማሪው ስሙን ከጻፈ በኋላ ሥራውን የጨረሰ ስለሚመስለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የለመድነው ተነጻጻሪንና ተለዋጭን በ«እንደ» መለየት ነው። «እንደ» ካለ ተነጻጻሪ፣ ከሌለ ተለዋጭ። ይህ መለያ በቋንቋችን ውስጥ ብዙ አያራምድም። «እንደ አባቱ ረጅም ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር «እንደ» አለበት፤ ሰውን ከሰው፣ ቁመትን ከቁመት ጋር ስለሚያስተያይ ግን ተራ ንጽጽር ነው፤ ዘይቤ አይባልም። «እንደ ነገርሽኝ አደረግሁ»፣ «እንደ መጣ ተመለሰ»፣ «እንደ መምህርነቴ እመክርሃለሁ» በሚሉት ውስጥ ደግሞ «እንደ» ማነጻጸሩን ትቶ ሌላ ሌላ ሥራ ይሠራል። በተቃራኒው «ወተት የመሰለ ጥርስ»፣ «ተራራ የሚያህል ክምር» ስንል «እንደ» የለም፤ ተነጻጻሪነታቸው ግን አያጠራጥርም፤ ሁለተኛው እንዲያውም ከግነት ጋር ተደርቧል።

ተለዋጩም ቢሆን ተማሪው በሚጠብቀው «እገሌ አንበሳ ነው» በሚለው መልክ ብቻ አይመጣም። በዓሉ ግርማ በ1966 ዓ.ም. ያሳተመውን ልብ ወለድ «የሕሊና ደወል» ሲል ሰይሞታል። ሕሊና ደወል ነው አላለም፤ ሁለቱን ያገናኘቻቸው «የ» ብቻ ናት። ይህች «የ» በአማርኛ ውስጥ ብዙ ትሸከማለች፤ የቤት በር፣ የወርቅ ቀለበት፣ የትናንት እንጀራ ስንል ዝምድናው በየጊዜው ይለያያል። ስለዚህ አንባቢው የትኛው ዝምድና እንደ ተነገረው ወዲያው አያውቅም። ሕሊና የደወሉ ባለቤት ነው? ራሱ ደወሉ ነው? ወይስ ደወሉ የሚደወለው ለሕሊና ነው? ደወል በአገራችን የቤተ ክርስቲያንም የትምህርት ቤትም ነው፤ አንዱ ለጸሎት፣ ሌላው ለትምህርት ይጠራል። «ተለዋጭ ዘይቤ» ብሎ ጽፎ ያለፈው ተማሪ ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቀም፤ ሙሉ ማርክ ግን አግኝቷል።

በየቀኑ አነጋገራችን ውስጥ ዘይቤነታቸው የተረሳ ብዙ አባባሎች አሉ። ሰውየው ሆደ ሰፊ ነው ስንል ታጋሽነቱን እንጂ ሆዱን አናይም። አንጀቴን በላው፣ ልቤ ቆረጠ፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን፤ አማርኛ ስሜትንና ምሥጢርን በሆድ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ይወዳል። «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚል ሰው ዳባ መናንያን የሚለብሱት ቆዳ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ለጆሮ ትእዛዝ እየሰጠ መሆኑም አይታወቀውም። «ይህ ምን ዘይቤ ነው?» ብለን ብንጠይቅ አንዱ ተማሪ ለጆሮ ስለ ተነገረ እንቶኔ፣ ሌላው ጆሮ ስለሚለብስ ሰውኛ፣ ሦስተኛው አለመስማትን በልብስ ስለሚገልጥ ተለዋጭ ሊል ይችላል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ከሁሉም ግን አንዱ እንኳ በተናጋሪው ሐሳብ ውስጥ የለም። እንዲህ ያሉትን የሞቱ ዘይቤዎች ብለን እናስተምራለን። እኔ ያንቀላፉ ብላቸው እመርጣለሁ፤ አንድ ጸሐፊ በደንብ ሲነካቸው የሚነቁ ናቸውና። «እስከ መቃብር» የሚለው ሐረግ እንዲህ ካንቀላፉት አንዱ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉን ገና ያልከፈተ አንባቢ አርእስቱን የሚቀበለው ከለመደው አነጋገር ጋር አስተያይቶ ነው። «እስከ መቃብር»፣ «እስከ ዕለተ ሞቴ» የሚሉት የመሐላና የቃል ኪዳን ቃላት ናቸው፤ የሚናገራቸው ሰው መቃብር የሚባለውን ጉድጓድ በዐይነ ሕሊናው አያይም። እዚህ ላይ ሁለት ዘይቤዎች ባንድ ጊዜ ይሠራሉ። ሞት ከሱ ጋር በሚጎራበተው ስፍራ ስም ስለ ተጠራ «መቃብር» ምትክ ዘይቤ ነው። ጠቅላላው ሐረግ ደግሞ ፍቅር ከዕድሜ ጋር እኩል ይዘልቃል ስለሚል፣ ከምናውቀው የሰው ጠባይ አንጻር ግነት ነው። ማረሚያዬ የያዘው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

እንግዲህ «እስከ» የሚለውን መስተዋድድ ልብ እንበል። አማርኛ በዚህ ቃል የጊዜንም የቦታንም ዳርቻ ይለካል፤ እስከ ማታ እንላለን፣ እስከ ገበያም እንላለን። በሽፋኑ ላይ ያለው «እስከ» የጊዜ ነው፤ እስክንሞት ማለት ነው። ታሪኩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ግን በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌል ትመነኩሳለች፤ ኑሮዋንም ከመቃብሩ አጠገብ ታደርጋለች፤ የጉዱ ካሣም መንገድ የሚያበቃው እዚያው ነው። መቃብሩ ስፍራ አለው፤ ይኬድበታል፤ ይኖርበታል። በመጨረሻዎቹ ገጾች «እስከ» የቦታ ይሆናል። እስከ ገበያ ያለ ሰው ገበያው ድረስ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ይህም ፍቅር መቃብሩ ድረስ ሄዷል። ምትኩ ተነሥቶ መቃብር ወደ ራሱ ትርጉም ተመለሰ። የተጋነነ ነገርም አልቀረም፤ እንዲያውም አርእስቱ አሳንሶ ተናገረ ሊባል ይችላል፤ የሰብለ ፍቅር በዛብህ ከተቀበረ በኋላም የቀጠለ ነውና።

ተማሪዬ ያለው ይህንኑ ነው። ሆኖም የሱም መልስ የጎደለው አለ። አንባቢው አርእስቱን በመጀመሪያ እንደ ተለመደ ግነት ባይቀበለው ኖሮ፣ መጨረሻው ላይ ያ ሁሉ ድንጋጤ ባልደረሰበት ነበር። እኛ በልማድ ሰምተን ያለፍነው ቃል ነው ገጸ ባሕርያቱን ቃል በቃል የያዛቸው። ስለዚህ ለጥያቄዬ ተገቢ የሚሆነው መልስ በሽፋኑ ላይ አንድ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሌላ የሚሆን፣ በመካከሉም መጽሐፉን ማንበብን የሚጠይቅ መልስ ነው። የእኔ ጥያቄ ደግሞ አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር። (መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ብቻ የሚያውቁ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አልነቅፋቸውም። እስከ መጨረሻው ያዳመጡት ከሆነ ከማረሚያዬ የተሻለ ያውቃሉ።)

ከዚሁ ደራሲ ሳንርቅ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) የሚለውን እንመልከት፤ ለጊዜው አርእስቱን ብቻ። በክፍል ውስጥ የአያዎ ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል፤ እኔም አቅርቤዋለሁ። አያዎ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ «አይ»ና «አዎ» ባንድ አፍ ሲነገሩ ነው። ይሁን እንጂ ወንጀለኛና ዳኛ እንደ ብርሃንና ጨለማ በትርጉማቸው አይጣሉም፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚያጣላቸው ነገር አይገኝም። የሚጣሉት ዳኛ ንጹሕ መሆን አለበት ብሎ በሚያምን አንባቢ አእምሮ ውስጥ ነው። ፍርድ የተጓደለበት፣ ከቀጠሮ ቀጠሮ የተንገላታ ባለጉዳይ ይህን አርእስት ቢያነብ አያዎ አይታየውም፤ የሚያውቀውን ሰው በስሙ የጠሩለት ይመስለዋል። ይህን አርእስት በአያዎነት የመደበው መምህር ሳያስበው ስለ ዳኞች ያለውን እምነት ነግሮናል።

አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን ያወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው። ገና በማኅፀን ያለ ጽንስ መወለድን እምቢ ይላል። ተማሪዎች ያለ ማመንታት «ሰውኛ» ብለው ይጽፋሉ። ሰውኛ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ መስጠት ነው ካልን፣ ጽንሱ ሰው አይደለም ብለን መነሣት ይኖርብናል፤ ይህን ደግሞ መጽሐፉ የሚቀበልልን አይመስለኝም። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግሱ ነው። መወለድ በአማርኛ የተደራጊ ግስ ነው፤ ይደረግብናል እንጂ አናደርገውም። ማንም ተጠይቆ አልተወለደም። ደራሲው ይህን የተደራጊ ግስ በአንደኛ መደብ፣ በአሉታ አስቀመጠው፤ የሚደረግበት ወገን እምቢ ባይ ሆኖ ተነሣ። «አልወልድም» ቢል ኖሮ የእናት ቃል ይሆን ነበር። በ«ል»ና በ«ለ» መካከል ያለው ልዩነት የእናትን እምቢታ ከልጅ እምቢታ ይለያል። በሰሌዳ ላይ በደረደርነው ዝርዝር ውስጥ ይህ አሠራር ስም የለውም። ስም ስለሌለውም በክፍል ውስጥ አይነሣም፤ «ሰውኛ» ተብሎ ይታለፋል።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ም (1962 ዓ.ም.) እንዲሁ በግሱ ይሠራል። የገጸ ባሕርይ ስም ነው፤ ትእዛዝም ነው። ግዛው፣ ጣሰው የመሰሉት ስሞቻችን በትእዛዝ አንቀጽ የቆሙ ስለሆኑ፣ አደፍርስ የሚባል ሰው ቢያጋጥመን ብዙ አንገረምም። ስሙ ተራ መስሎ ያልፋል፤ ትእምርትነቱ የሚታወቀን ሰውየው መከራከር ከጀመረ በኋላ ነው። ሌላም አለ። «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውን ተረት አንባቢው ከቤቱ ይዞት ይመጣል። አርእስቱ ማደፍረሱን ብቻ ሰጠን፤ መጥራቱን አልጨመረልንም። ይጠራ ይሆን ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ድርሻ ሆነ። ታዲያ ትእምርት ነው፣ ጠቃሽ ነው፣ ወይስ ምፀት? ሦስቱንም ጽፎ የትኛው መቼ እንደሚሠራ ያልተናገረ ተማሪ፣ አንዱን ብቻ ከጻፈው አይሻልም።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱን አሠራር ማስታወስ ይጠቅመናል። የዘይቤ ዝርዝራችን በአብዛኛው ከምዕራቡ ዓለም የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የተወሰደ ነው። መዋሱን አልቃወምም፤ ስያሜዎቹን በአማርኛ ላበጁልን ምሁራንም ውለታ አለብን። ነገር ግን ከዚያ በፊት የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ፣ ኅብር፣ ውስጠ ወይራ፣ አንጻር እያሉ የሚለዩባቸው መንገዶች ነበሯቸው፤ አሁንም አሏቸው። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ ራሱ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ ቅርጽ በመጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስበታል። ሰሙ ባይቀድም ወርቁ ቅርጽ አያገኝም ነበር። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያየነውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ የልማዱ ቃል ቅርጹን አበጀ፣ ታሪኩ ገብቶ ሞላው።

ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሲቆጥር፣ መምህሩ ዓይነቱን በማወቅ ብቻ አይረካም። ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁ የቱ ነው፣ ግሱ ሁለቱንም ይሸከማል ወይ ብሎ ይመረምራል። ግሱ አንደኛውን ብቻ ከተሸከመ ቅኔው አይቆምም። ምሳሌ ቢያስፈልግ፣ ለክፍል ብዬ ያበጀሁትን አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ልስጥ፤ «ዛሬ የጠገበ በግ ነገ ይበላል»። «ይበላል»ን አላልተን ብናነበው በጉ ነገም ሣሩን ይግጣል፤ አጥብቀን ብናነበው ይታረዳል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በቅኔ ቤቱ አነጋገር ይህ ኅብር ነው። በተዋስነው ዝርዝር ከፈለግነው የቃላት ጨዋታ ከሚባለው ዘንድ ይገባል፤ ነገር ግን ጥጋቡ የመታረዱ ምክንያት ስለ ሆነ ምፀትም አለበት፤ በጉ ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ ከሆነ ደግሞ ተለዋጭ ነው። በገና ዋዜማ በበግ ተራ ቢነገርና በሹም ሽር ማግሥት ቢነገር አንድ ዓረፍተ ነገር አይሆንም።

ይህን ሐሳብ ያጫወትሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ ምኑን ልታርመው ነው?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስያሜ ይቅር አልልም፤ ስም የሌለውን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየት ያስቸግራል፤ በ«አልወለድም» ላይ የገጠመን ችግር ይኸው ነው። የምለው ስሙ የመልሱ መጀመሪያ ይሁን ነው። አሁን በፈተና ላይ የማስቀምጠው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው፤ «ይህ አርእስት መጽሐፉን ከማንበባችሁ በፊት ምን አላችሁ? ካነበባችሁ በኋላስ?» የሚል። ከዓመት ዓመት የሚተላለፈውን ማስታወሻ ብቻ አጥንቶ የመጣ ተማሪ ለሁለተኛው ክፍል የሚጽፈው የለውም። እርማቱ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ባደከመኝ ቁጥር አሮጌውን ጥያቄ መመለስ ያምረኛል።

ባለፈው ሴሚስተር ያወጣሁት ጥያቄ ስለ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ነበር፤ የውቤ በረሃን የሌሊት ኑሮ የሚተርከው ሥራ ነው። ከፊሎቹ ተማሪዎች እንቅልፍ ያጣ ሰው ምሬት ነው፤ ሌሊትን የማይነጋ ማድረግ ግነት ነው ብለው መለሱ። አንዲት ተማሪ «ልኝ» የሚለውን ቅጥያ ይዛ ተነሣች፤ ሌቱ ለሌላው ይነጋል፣ የማይነጋው ለተናጋሪው ነው፣ ኑሮውን በሌሊት ላደረገ ሰው ደግሞ ንጋት የቀኑ መጀመሪያ አይሆንለትም፣ ስለዚህ ግነት አላይበትም አለች። ሌላው በ«ም» ላይ አተኮረ፤ «ሌቱም» ከተባለ ቀኑስ ቀድሞ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። አንዱ ደግሞ አርእስቱ ምኞት ነው፣ ሌሊቱ እንዳያልቅበት የሚለምን ሰው ቃል ነው ብሎ ጻፈ። ለምኞት «አይንጋልኝ» መባል ነበረበት፤ ሰዋስዉ አይፈቅድለትም። በቀይ ልሰርዘው እስክሪብቶዬን ካነሣሁ በኋላ፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርጄ እንደገና ከመጀመሪያው ያዝሁት። ወረቀቱ እስከ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ማርኩን አልጻፍሁበትም።